የሸህ ይማም ድምፅ እና የዒምራን ላፕቶፕ

ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ፣ በግራ በኩል፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሜሞሪ እንጭናለን» ተብሎ ተጽፏል። ቀለሙ መጨረሻው ላይ ስላለቀ «እንጭናለን» የምትለዋ ቃል ገርጥታ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። ዒምራን ግን አላደሳትም። ሰው ቤቴን ያውቀዋል፣ ጽሑፍ ማን ያነባል ይላል።

ይህ ዒምራን የጎረቤቴ የሸህ ይማም ልጅ ነው። እኔ ብርሀንነሽ፣ ከአባቱ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ስዋሰን ወጣትነቴ ሄዶ እርጅናዬ መጣ። አጥሩ መሃሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለው። ማን እንደከፈተው የሚያስታውስ የለም። በዚያ ክፍተት እሳት ተጫጭረናል፣ ወንፊት ተዋውሰናል፣ ለለቅሶም ለሰርግም በእሱው ተሻግረናል። ዒምራን የተወለደ ዕለት እናቱን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወገቧን ከያዝንላት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ልጅ ሆኖ እጁ አያርፍም ነበር። ኪሱ ሲገለበጥ ያለቀ ባትሪና የሽቦ ቁራጭ ነው የሚወድቀው። አባቱ ቁርአን ያስቀራሉ፤ እስከ ወግዲና ከላላ ድረስ ደረሳ፣ ማለት የቂርአት ተማሪ፣ እየመጣ የሚቀመጥባቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውም ከደረሶቹ መሃል የእንጨት ሉሁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ አፉ ቁርአኑን ይቀራል፣ እጁ ከሉሁ ሥር ሽቦ ይፈትላል። አባቱ ያያሉ፣ ዝም ይላሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ቀን ቁርአን ቤት ሳይገባ ቀረ። ሲፈለግ ገበያ ውስጥ ሬዲዮ ከሚጠግን ሰው ጎን ተቀምጦ ተገኘ። በማግስቱም እዚያው። ሰው ሁሉ ዛሬስ ይገረፋል ብሎ ሲጠብቅ ሸህ ይማም፣ ቂርአት በአለንጋ አይገባም ብለው ተዉት።

ተዉት ስል ግን ከቂርአቱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ስለ ማገዶና ስለ ጨው፣ ስለ ታመመች ላምና ስለሚያፈስ ጣሪያ ሆነ። ክፉ ቃል አልነበረም። አንዳቸውም ግን የሌላውን ደጅ አላንኳኩም።

ዒምራን አድጎ ኮምቦልቻ ወረደ፣ ኮምፒውተር ተማረ፣ እዚያው ሠርቶ ቆየ። ሲመለስ ጺም አብቅሎ፣ ሚስቱን መርዋን ይዞ መጣ። መርዋ የከላላ ልጅ ናት፤ ምላሷ ጨው፣ እጇ ወርቅ። ሱቅ መክፈቻ ቦታ ሲፈልግ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሸህ ይማም በመንገዱ በኩል ያለችውን የእህል ክፍላቸውን ጆንያ በጆንያ አስወጥተው፣ አስጠርገው፣ ቁልፉን በመስኮቱ ደፍ ላይ አኑረው ወደ ሶላታቸው ሄዱ። እሱም ቁልፉን አንስቶ ከፈተው።

ሥራው ብዙ ዓይነት ነው። ለሙስሊሙ መንዙማ፣ ለክርስቲያኑ መዝሙር፣ ለወጣቱ ዘፈን ይጭናል። አንድ ጊዜ ለማኅበራችን መዝሙር እንዲጭንልኝ ስልኬን ሰጥቼው፣ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ስከፍተው መንዙማ ሆኖ ወጣ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ግን አጥፊው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ዜማው ጥሩ ነበርና እስኪያልቅ ሰማነው። በማግስቱ ሄጄ ስነግረው ፊቱ ቀላ፤ መርዋ ግን፣ «እንግዲህ እማማ፣ ጀነት የሚያስገባዎትን ማን ያውቃል» ብላ አሳቀችኝ።

ድምፅ መቅዳቱ የተጀመረው አረብ አገር በሄዱት ደረሶች ምክንያት ነው። ሸሁ ያስተማሯቸው ልጆች ከዚያ ሆነው፣ የሸሃችንን ቂርአት በስልክ ላክልን እያሉ ዒምራንን ነዘነዙት። ሸህ ይማም መጀመሪያ እምቢ አሉ። «እኔ ለሰው እንጂ ለእቃ አላስተምርም» አሉ። በኋላ ግን ለመዷት። ዒምራን ከዙሁር ሶላት በኋላ ስልኩን ከሽቦ በሠራው ማቆሚያ ላይ አድርጎ ከፊታቸው ያኖራል፣ ወደ ሱቁ ይመለሳል። እሳቸውም ያስተምራሉ። አንዳንዴ ወደ ስልኳ ዞር ብለው፣ «አንቺስ ሰማሽ?» ይሏታል፣ ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ በአጥሩ ወዲህ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ። ቋንቋው ባይገባኝም የድምፃቸው አካሄድ ይገባኛል።

ሲመሽ ዒምራን ስልኩን ያነሳና ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል፤ ቅጂው ወደ ላፕቶፑ ሲገባ ከስልኩ ላይ ያጠፋዋል። የስልኩ ሆድ ትንሽ ናት፣ ካልጠፋ የነገው አይገባም።

አምና በግንቦት ያ ላፕቶፕ ታመመ። ደንበኛው ሁሉ የየራሱን ፍላሽ እየሰካ ቫይረስ አስገባበት። ፎቶ ይከፍታሉ፣ የለም። ጽሑፍ ይከፍታሉ፣ እንደ ጉንዳን መንገድ ያለ ነገር ይወጣል። ዒምራን ሙጀሂድን ጠራ። ሙጀሂድ ኮምቦልቻ አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው፣ ዛሬ ከላላ የሚሠራ። መጣና የድሮውን ሲስተም ነቅሎ ሊኑክስ የሚባል፣ ቫይረስ የማይደፍረው አዲስ ሲስተም ጫነበት። የሸሁን ቅጂዎች ደግሞ ለብቻው ባለ ኤሌክትሪክ ገመድ፣ የመጽሐፍ ያህል በሆነ ጥቁር ዲስክ ላይ አደረጋቸው። ዲስኩ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው። ላፕቶፑ ውስጥ «አባባ» የሚል ፎልደር አበጀና ዲስኩን ከእሱ ጋር አሰረው፤ ጠዋት ላፕቶፑ ሲከፈት ዲስኩ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያ ፎልደር ይታያል። ማውንት ማድረግ ይሉታል። አንዲት ምልክትም ስክሪኑ ላይ ሠራለት፤ ስልኩን ሰክቶ ያችን ሲነካ፣ ፎልደሩን መክፈት ሳያስፈልገው፣ ቅጂው ራሱ ሄዶ ይገባል። ዒምራን እንደ ልጅ ደስ አለው።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በጥቅምት ሸህ ይማምን ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። አንደበታቸውም አብሮ ታሰረ። ሆስፒታል ደርሰው ተመለሱ፤ ሕይወታቸው ተረፈ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ በዓይናቸው ይስቃሉ። መናገር ብቻ የለም። ያ ሁሉ ዓመት በአጥሩ ሲመጣ የኖረ ድምፅ ሲቀር ግቢዬ የሰው ግቢ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው ቅጂው ሌላ ነገር የሆነው። ትልቁ ደረሳ ሐሳብ አመጣ። ልጆቹ ይቀመጣሉ፣ ሸሁም እንደ ወትሮው ከፊታቸው ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ የቀድሞ ትምህርታቸው ከስልኩ ይሰማል። ልጆቹ ይከተላሉ። የተሳሳተ ሲኖር ሸህ ይማም በደኅናው ግራ እጃቸው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ፤ ልጁ ይመለሳል፣ ያስተካክላል። በራሳቸው ድምፅ ላይ በጣታቸው ያስተምራሉ። እኔም በአጥሩ ወዲህ ድምፃቸውን መልሼ መስማት ጀመርኩ። እንባዬ ምስሩ ላይ ይወርዳል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

ዒምራን ቅጂዎቹን በየቀናቸው ሲደረድር ነው ጉድለቱን ያየው። ክረምቱ ተቦጫጭቋል። አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም፤ አለ፣ ደግሞ የለም። እሱ ግን በየቀኑ ስልኩን አስቀምጧል፣ በየማታው ገልብጧል፣ ምልክቷም በየማታው ተፈጸመ ብላዋለች። ከስልኩ አጥፍቶታል። ሌላ ቦታ የለውም።

ለትልቁ ደረሳ ነገረው። ደረሳው ያሉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ፣ አንዲትም አንቀጽ አልዘለለችም፣ ትምህርቱ ሙሉ ነው አለው። ሌላውም ሰው፣ እንግዲያው ምን ጎደለብህ እያለ አጽናናው። ነገሩ እውነት ነው፤ ለደረሶቹ ምንም አልጎደለም። ዒምራን ግን አልተጽናናም። በእነዚያ ቀኖችም አባቱ ከስልኩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ያሉት ነገር አለ። ያን ያሉትን ከእንግዲህ ደግመው አይሉትም። ያስጨነቀው ይኸው ነው።

ሙጀሂድን ጠራና መጣ። ከመቀመጡ ዒምራን፣ ሲስተሙን ስትቀይር ምን ነክተህ ነው የሚል ነገር ተናገረው። ሙጀሂድ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ስቦ የተሰረዘ ነገር የሚያወጣ ፕሮግራም ከፍቶ ዲስኩን ቀኑን ሙሉ አስፈተሸው። ድሮ የተሰረዘ የሰው ሰርግ ወጣ፣ ዘፈን ወጣ፣ የማይታወቅ ሰው ጉርድ ፎቶ ወጣ። የሸሁ ትምህርት ግን አንድም አልወጣም። ሙጀሂድ በመጨረሻ፣ ተሰርዞ ቢሆን ፍርፋሪው ይገኝ ነበር፣ እዚህ ዲስክ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም አለው። ዒምራን ታዲያ እኔ ዋሸሁ ማለትህ ነው አለው። መርዋ ምሳ አቅርባ ነበር። ሙጀሂድ ሳይቀምስ ተነስቶ ወደ ከላላ መኪና ተሳፈረ። በእኛ አገር የቀረበ ምሳ ትቶ የሄደ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። መርዋ ትሪውን ይዛ ወደ እኔ መጥታ፣ «ይኸው እማማ፣ የጥል ምሳ ይብሉልኝ» አለችኝና ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ዒምራን ሱቁን ቢከፍትም ልቡ አልነበረም። የአንዱን ፎቶ ለሌላው ይሰጣል። አንዲት ሴት የልጇን ፎቶ ልትወስድ መጥታ የሽማግሌ ፎቶ ቢሰጣት፣ «ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ እንዲህ በፍጥነት አታስረጅብኝ» ብላው ሄደች። እሱ እንኳን ሊስቅ፣ አልሰማትም።

አንድ ረፋድ በክፍተቱ አልፌ ሄድኩ። ከሱቁ ጓሮ ባለው ደጃፍ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጥቁሩ ዲስክ ከጎኑ ሰማያዊ መብራቱን ያበራል። መርዋ ከበስተጀርባው ምስር ታበጥራለች። ኅዳር ነው፣ ፀሐይዋ ጥሩ ናት፤ ግቢው መሃል ሰሌን ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ሸህ ይማም ከውስጥ ናቸው። አብሽር ልጄ፣ አይዞህ አልኩትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

የጎደሉትን ቀኖች እያየ የፈረንጁን አቆጣጠር በጣቱ ወደ እኛ ይመልሳል። ዝም ብዬ መቀመጡ ከበደኝና፣ እስቲ ለእኔም ንገረኝ አልኩት። ለእኔ ቀን ቁጥር አይደለም፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ብቆጥርም ቀን የማውቀው በታቦቱ ነው።

«ሐምሌ አምስት» አለኝ።

«ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነስቼ ከወንዙ ወዲህ ቀረሁ። ምን ዝናብ ነበር!»

«ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ።»

«ገብርኤል። ዝክር ደግሼ ማን መጥቶ ይቅመሰው። ጎርፉ ድልድዩን ዘልሎ ሲሄድ አላየህም?»

«ነሐሴ ሰባት።»

«ጽንሰታ ናታ። ጎመኔን በረዶ የጨፈጨፈው ያን ዕለት ነው። ዝግባውን መብረቅ የሰነጠቀውም ያን ዕለት ነው።»

«ነሐሴ አሥራ ሦስት።»

«ቡሄ። ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡትን ልጆች ዝናብ እኔ ቤት አሳደራቸው። ሙልሙሉን ጨረሱልኝ።»

ዒምራን ቀና ብሎ አየኝ። ያሉትን ቀኖች ደግሞ ይጠራልኝ ጀመር። ሐምሌ ሃያ ሁለት አለኝ፤ ብራ ሆኖ ልብስ ያጠብኩበት ነው። ነሐሴ አሥራ ስድስት አለኝ፤ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ፆም የተፈታባት፣ ፀሐይ እስከ ማታ ነበረች። የጠፉት ሁሉ የዝናብ ናቸው ማለት ነው አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

እኔም፣ «ክረምት መዝነቡ ምን ይገርማል» አልኩት፤ «እነዚህ ግን እንዲያው የዝናብ አይደሉም። የመብረቅ ቀኖች ናቸው።»

ያን ጊዜ መርዋ ምስሯን ማበጠሩን ሳታቆም፣ «መብረቅ ከሆነማ ዲስኩ ሳጥን ውስጥ ነበር» አለች።

ዒምራን ዞረ። «የትኛው ዲስክ?»

«ይኸው ነዋ። ዓይኑን አፍጥጦ የሚያበራ ነገር በመብረቅ ጊዜ ይተዋል እንዴ? ነጎድጓድ ስሰማ መስተዋቱን እሸፍናለሁ፣ እሱን ነቅዬ በሻሽ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኖረዋለሁ። ጠዋት አንተ ሳትነሳ መልሼ እሰካዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መስተዋት ስሸፍንስ እየነገርኩህ ነው?»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር መብረቅ ሲመጣ የሚያብለጨልጭ ነገር መሸፈን ማንም የሚያደርገው ነው፤ በር እንደ መዝጋት ያለ ነው፤ ማን ለማን ይናገራል? እሱም መብረቅ ሲጀምር ላፕቶፑን አጥፍቶ ሱቁን ይዘጋል፤ ሲመሽ ዝናቡ ካባራ በኋላ በባትሪው ከፍቶ፣ ስልኩን ሰክቶ፣ ያችን ምልክት ነክቶ ይተኛል። ዲስኩ ከጎኑ ይኑር አይኑር አላየም።

«ታዲያ ዲስኩ ከሌለ ያች ምልክት ቅጂውን የት ነው ያስገባችው?» አለ። ፊቱ ነጣ። የትም ካልገባ ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው።

ስልኩን አንስቶ ለሙጀሂድ ደወለ። ምሳው ከቀረ ወዲህ አልተደዋወሉም ነበር። ሰላምታው ረዘመ፤ የሙጀሂድ እናት ደኅና መሆናቸው፣ ላሟ መውለዷ፣ ኔትወርኩ መመለሱ ሁሉ ተጠየቀ። ሁለቱም ወደ ነገሩ መግባት ፈርተዋል። በመጨረሻ ዒምራን የመርዋን ሳጥን ነገረው። ከዚያ የሙጀሂድ ሳቅ ለእኔም እስኪሰማኝ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ያ ፎልደር ወለል ነው። ዲስኩ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ባልነበረባቸው ማታዎች እቃህን ወለሉ ላይ አኑረሃል። ጠዋት ምንጣፉ መጥቶ ላዩ ላይ ተነጠፈበት። እኔም ቀኑን ሙሉ ምንጣፉን ሳራግፍ ዋልኩልህ። ምንጣፉን አንሳና ወለሉን እየው።»

ዒምራን ላፕቶፑን አጠፋ። የዲስኩን ገመድ ነቀለ፤ ሰማያዊው መብራት ጠፋ። እንደገና ከፈተ። ላፕቶፑ እስኪነሳ ድረስ መርዋ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እኔም በልቤ ጴጥሮስ ወጳውሎስን ለመንኩ። ዒምራን «አባባ» የምትለዋን ፎልደር ነካት።

ነበሩ። ሐምሌ አምስት፣ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ጽንሰታ፣ ቡሄ፣ ሌሎቹም ሁሉ፣ እንደተቀመጡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ዒምራን መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበርና ሙጀሂድ ከወዲያ፣ ምን አየህ ይላል። ዒምራን ስልኩን ለመርዋ ሰጣት። እሷም፣ «አግኝቶታል፤ ምሳህን መጥተህ ብላ፣ ቀዝቅዟል» አለችው። እሱም፣ «የነቀልሽው አንቺ ነሽና ዶሮ ካልሆነ አልመጣም» አላት።

ዒምራን ግን እዚያው ከፍቶ አልሰማውም። አባባ ቀድመው ይስሙት አለ። ላፕቶፑን አቅፎ ገባ፣ ተከተልነው። ሸህ ይማም ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ተንበርክኮ የመጀመሪያውን፣ የሐምሌ አምስቱን ነካው።

መጀመሪያ ዝናብ ብቻ ነው የተሰማው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ክፍሉን ሞላው። ሸህ ይማም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ በግራ እጃቸው ወደ ግቢው ይጠቁሙ ጀመር፤ ፈጠን፣ ፈጠን በሚል ዓይነት። ምን ፈለጉ ብለን ተደናገርን። መርዋ ገባትና ሳቀች። «በርበሬው!» አለች፤ «በርበሬው ይመታል እያሉ ነው።» ዒምራንም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ቅጂ ነው እኮ አባባ ብሎ ሊያስረዳቸው ሲል ግን መርዋ ተነስታ ወጣች። በዚያች ፀሐይ፣ ጠብታ በሌለበት ሰማይ ሥር፣ ሰሌኑን በአራት ጫፉ ሰብስባ በርበሬውን ወደ ቤት አስገባችው። ያዘዙት እሳቸው ናቸው አለች። ሸሁ በዓይናቸው አመሰገኗት።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ። ያ ጉሮሮውን ጠረግ የሚያደርገው የቀድሞው ድምፃቸው።

«ዒምራን» አለ ድምፁ። «ልጆቹን ጎርፍ ከለከላቸው። አንተም ሱቅህ ውስጥ ነህ፤ ይችን አስቀምጠህልኝ ሄድክ። ለእቃ አላስተምርም ብዬህ ነበር። እንግዲህ ላንተ ላስተምር። ቂርአትህን ያሲን ሱራ ላይ ነው የተውከው። ከዚያው እንያዘው። በል፣ ተከተለኝ።»

አንድ አንቀጽ ቀሩ። ከዚያ ዝም አሉ። ለደረሳ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ተማሪው እስኪደግም ጠበቁ። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል። የሚደግም አልነበረም፤ ሌላውን አንቀጽ ቀጠሉ። ደግሞ ጠበቁ።

ዒምራን ቅጂውን አቁሞ አባቱን አያቸው። ሸህ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ በጺማቸው ላይ እንባ ይወርዳል። በኋላ እንደነገረኝ፣ የት ላይ እንደተወው እሱ ራሱ ረስቶት ነበር። በሌሎቹም ቀኖች እንዲሁ ነው። መብረቅ ደረሶቹን ባስቀረ ቁጥር ሸሁ ከስልኳ ፊት ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ባለፈው ዝናብ ካቆሙበት አንስተው ልጃቸውን ቁርአን አስቀርተዋል። በቡሄው ዕለት፣ «ያለፈውን ሰማህ? ካልሰማህም ግድ የለም፣ ትሰማዋለህ» ብለው ነው የጀመሩት። ያን ሁሉ ጊዜ ዒምራን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር።

ያን ረፋድ ዒምራን ቅጂውን ከመጀመሪያው አስነሳው። አንቀጹ ተቀራ፣ ድምፁ ቆሞ ጠበቀ፤ ዒምራን ደገመው። ድምፁ ሻክሯል፣ አንደበቱ ተደነቃቅፏል፤ አንዷን ቃል ሳታት። ሸህ ይማም ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። ዒምራን ተመለሰና አስተካከላት። እኔና መርዋ ቀስ ብለን ወጣን።

ሙጀሂድ መጥቶ ዶሮውን በላ። ሁለተኛ እንዳይደገምም፣ ዲስኩ ካልተሰካ ያች ምልክት እምቢ እንድትል አድርጎ ሄደ። መርዋ ግን መብረቅ ሲመጣ ዲስኩን መንቀሏን አልተወችም፤ ለውጡ አሁን ትናገራለች።

ዛሬ ከዙሁር በኋላ ወደ ዒምራን ሱቅ የሚሄድ ሰው በሩን ገርበብ ብሎ ያገኘዋል። መርዋ ከደፉ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ደንበኛው ፎቶውን ሊወስድ ቸኩሎ፣ ይህ ሰውዬ በሥራ ሰዓት የት ሄደ እያለ ሲነጫነጭባት፣ እሷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቁርአን ቤት ነው፤ ሲለቀቅ ይመጣል» ትለዋለች።